ከኤንትሬ ወዲያ

በባቲ ሰኞ ሰኞ ከሚነሡት ክርክሮች ሁሉ ዕድሜ የጠገበው የግመል ዋጋ ክርክር ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የካሚዮን ክርክር ነው። ገበያው ረፋዱ ላይ ሲደምቅ፣ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከቆላው ወጥቶ፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ጭኖ ከደጋው ወርዶ በሜዳው ላይ ሲገናኝ፣ ከአስፋልቱ ዳር ካለው ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ የሚሰየሙ ጥቂት ሽማግሌዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የሚሸጡት ነገር የላቸውም፤ የሚገዙትም ጥቂት ነው። የዕድሜያቸውን እኩሌታ ከደሴ እስከ አሰብ በሚወርደው መንገድ ላይ በመሪና በፍሬን የፈጁ፣ ዛሬ ከሥራ የተገለሉ ሾፌሮችና ረዳቶች ናቸው። የሚከራከሩበትም ነገር አንድ ነው፤ ከኤንትሬ በኋላ የሚመጣው መኪና ምን ዓይነት ይሆናል?

«ከኤንትሬ ወዲያ ላሳር!» ይላል አንደኛው። ለእርሱ ክርክሩ በዚሁ አበቃ። ለሌሎቹ ግን አላበቃም።

ይህን የጡረተኞች ወግ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ባቲ መንገድ የወለዳት፣ መንገድም የሚያሳድጋትና የሚያስርባት ከተማ ናት። በመንገዱ ላይ የሚሄደው ነገር ምን ይበላል፣ የት ያድራል፣ ሲደክመው የት ይቆማል የሚለው ጥያቄ የምግብ ቤቱን፣ የጎሚስታውን፣ የጋራዡን፣ የአልጋ ቤቱን ኑሮ የሚወስን ጥያቄ ነው። ስለዚህም ሽማግሌዎቹ ስለ ብረት የሚያወሩ ቢመስሉም የሚያወሩት ስለ ከተማቸው ነው።

የባቲ የጭነት ትውልድ የሚቆጠረው ከግመል ነው። ግመል ከሁለት ኩንታል ብዙም የማይበልጥ ጭነት ይዞ፣ ያለ ነዳጅና ያለ መንገድ፣ የአፋርን ጨው ለደጋው፣ የደጋውን እህል ለአፋሩ ሲያደርስ ኖሯል። እርሱ ዛሬም ከገበያው አልጠፋም፤ ከእርሱ በኋላ ከመጡት የጭነት ትውልዶች መካከል ብዙዎቹን ቀብሯል። ከዚያ የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ መጣ። በወረራው ዓመታት ከደሴ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ተሠራ፤ በመንገዱም ላይ ፊያት 634 የተባለው ካሚዮን ታየ። ሕዝቡ የቁጥሩን መጨረሻ ይዞ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው፤ በጣልያንኛ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ትሬንታ ኳትሮ ግን ቀረ። የጠላት ዕቃ ነው ተብሎ አልተጣለም። የኢትዮጵያ ሾፌርና መካኒክ ተረክቦ ነዳው፣ ፈታው፣ ገጠመው፣ የራሱ አደረገው።

ኤንትሬ የዚህ ካሚዮን የልጅ ልጅ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ፊያት 682 የሚባለው መኪና እ.ኤ.አ. በ1952 ወጥቶ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተመርቷል፤ ለኢትዮጵያ የጭነት ሥራ ስሙን ያተረፈውም ኤን ሦስት፣ በጣልያንኛ ኤንትሬ የሚባለው ሞዴል ነው። ጣልያኖቹ ራሳቸው «የአፍሪካ ንጉሥ» ይሉታል። ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍታ ሞተሩ ከ10 ሊትር በላይ ይይዛል። ሞተሩ ፊት ለፊት አፍንጫ አበጅቶ የወጣ ሳይሆን ከጋቢናው ሥር የተቀመጠ ስለሆነ ሾፌሩና ረዳቱ በግለቱ አጠገብ ቁጭ ብለው ነው የአፋርን በረሃ የሚያቋርጡት። ከነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ መሪያቸው በቀኝ በኩል ነበር፤ በጣልያን ተራሮች ሾፌሩ የገደሉን ጠርዝ እያየ እንዲሄድ የተደረገ ልማድ ነው። ኢትዮጵያ በሰኔ 1956 ዓ.ም. በመንገድ ቀኝ መሄድ ከጀመረች በኋላም መሪው በቀኝ እንደሆነ ቀረ። ከባቲ ቁልቁል የሚወርድ ሾፌርም መንኮራኩሩ ከገደሉ ምን ያህል እንደራቀ በዓይኑ ይለካ ነበር። ለመቅደም ሲፈልግ ግን ፊት ለፊቱን የሚያየው በረዳቱ ዓይን ነው። «እለፍ» የምትል የረዳት ቃል የሁለት ሰው ነፍስ ይዛለች።

ኤንትሬ ያመጣው ጭነት ብቻ አይደለም፤ ቋንቋም አምጥቷል፤ ወይም ትሬንታ ኳትሮ ያመጣውን ቋንቋ አደላድሏል። ጋቢና፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ስፖንዳ፣ ካላማዳሪያ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ፣ ቺንጊያ። ሾፌሩ እነዚህን ቃላት ከጣልያን እንደ ወረሰ እያሰበ አይናገራቸውም፤ እንደ ማረሻና እንደ ሞፈር የራሱ ናቸው። በአንጻሩ አማርኛው ራሱ ያዋጣቸው አሉ፦ ተሳቢ፣ መሪ፣ ጭነት፣ ረዳት። ስለ ቋንቋ ዕድገት የሚጽፉ ሰዎች ከቤተ መጻሕፍት ይልቅ አንድ ቀን በጋራዥ ቢውሉ የተሻለ ሳይማሩ አይቀሩም።

የሾፌሩ ጥበብ ደግሞ በጆሮ የሚያዝ ጥበብ ነበር። ከሚሌ በ500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ፣ በባቲ 1,500 ሜትር አልፎ፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ የሚወጣ ሰው ጭነቱን በሚዛን አያውቀውም፤ ሞተሩ በሁለተኛ ማርሽ በሚያሰማው ድምፅ ያውቀዋል። ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ የሚሮጥባቸው ዳገቶች ነበሩ። መኪናው ኃይል አጥቶ የቆመ እንደሆነ ታኮው ከጎማው ሥር በቅጽበት መግባት አለበት፤ ካልገባ ስንዴውም፣ ሰዎቹም፣ ተሳቢውም ቁልቁል ናቸው። ይህ ሥራ በየትኛውም ትምህርት ቤት አልተሰጠም። ልጁ ረዳት ሆኖ ይገባል፣ ዓመታት ይሮጣል፣ አንድ ቀን ሾፌሩ ሲደክመው «ና ያዝ» ይለዋል። ትምህርቱም ምረቃውም ይኸው ነበር።

ታዲያ ባቲ በዚያን ጊዜ ምን ነበረች? ማረፊያ ነበረች። ከአሰብ የተነሣው ካሚዮን ቡሬን፣ ማንዳን፣ ዲቾቶን፣ ሰርዶን፣ ሎግያን አልፎ ሲመጣ ሞተሩ ግሏል፣ ጎማው ለስልሷል፣ ሰውየውም ደክሟል። ባቲ ሲደርስ ነፋሱ ይለወጣል። እዚህ ውሃ ይጨመራል፣ ጎማ ይታያል፣ ምሳ ይበላል፣ ብዙ ጊዜም ይታደራል። መኪናው ስላልቻለ ሰውየው ያርፋል፤ ሰውየው ስላረፈ ከተማዪቱ ትበላለች። የኤንትሬ ድካም የባቲ እንጀራ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ግን በጨዋታ የማይነሣ ምዕራፍ አለ። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ከወሎ ገጠር የወጣው ሕዝብ ባቲ ላይ ተከማችቶ ነበር፤ የባቲ መጠለያ ከኮረም ጋር ስሙ በዓለም የተሰማው ያን ጊዜ ነው። እህሉ በአሰብ ወደብ ይራገፋል፤ በዚሁ መንገድ ይመጣል። የካሚዮን ድምፅ ከበረሃው በኩል ሲሰማ የቆመው ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞር እንደነበር ያዩት ይናገራሉ። በዚያው ዘመን ሰዎች ከወሎ ተነሥተው ወደ ሩቅ የሠፈራ ጣቢያዎች የተወሰዱትም በካሚዮንና በአውቶቡስ፣ ከዚያም በአውሮፕላን ነበር። ስንዴ ያመጣ መኪና ሰው ይዞ ሄደ። ስለዚህ በባቲ ሽማግሌዎች ዘንድ ካሚዮን የሚመሰገን ብቻ አይደለም። ከመካከላቸው ስለዚያ ዓመት ሲነሣ ከአግዳሚው ተነሥቶ የሚሄድ አለ፤ ለምን እንደሚሄድ ማንም አይጠይቀውም።

ከዚያ ደግሞ መንገዱ ራሱ ሞተ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ተዘጋ፤ የወደብ ጭነት ሁሉ ወደ ጂቡቲ ዞረ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና ከሚሌ በአዋሽ በኩል ታጥፎ ስለሚቀር ባቲ የሚደርሰው ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ደሴና ከዚያም በላይ ወደ ሰሜን የሚወጣው ብቻ ሆነ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የቡሬ ድንበር ተከፍቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው መንገድ የጦር ግንባር ሆነ። አንድ ከተማ በመንገድ ላይ ተስፋ ሲጥል ምን ያህል ጊዜ ከመንገዱ ጋር ሊወድቅና ሊነሣ እንደሚችል ከባቲ የተሻለ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

መጪውን መኪና የመገመት ጨዋታ ባቲ ብቻ ያለ አይደለም። በአሜሪካ እንደ ባህል የተያዘ ነገር ነው፤ በተለይም ኮርቬት በተባለችው የሸቭሮሌ የእሽቅድምድም መሰል መኪና ላይ። ኮርቬት እ.ኤ.አ. በ1953 ስትወጣ በዓመቱ የተሠሩት 300 ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ነጭ፣ ውስጣቸው ቀይ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ትውልድ ገና ከፋብሪካ ሳይወጣ ስለሚቀጥለው ትውልድ መገመት ለብዙ ሰዎች የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነ። ከነዚህ ሰዎች ሁሉ የሚበልጠው ግን ገማች ብቻ አልነበረም፤ መሐንዲስ ነበር። በብራስልስ ከሩስያውያን ወላጆች የተወለደው ዞራ አርከስ ዳንቶቭ በ1953 ጄኔራል ሞተርስ ገብቶ፣ ሞተሩ ከሾፌሩ ፊት መሆኑ ቀርቶ ከጀርባው ይሁን እያለ ተከራከረ። ሐሳቡን የሚያሳይ የሙከራ መኪናም በ1960 አቀረበ። አለቆቹ አልተቀበሉትም። ጡረታ ወጣ፤ በ1996 ሞተ። ሞተሯ ከጀርባ የሆነ ኮርቬት ለሕዝብ የታየችው በሐምሌ 2019 ነው። አንድ ሞተር በሾፌሩ ላይ ተሻግሮ ለመቀመጥ ስድሳ ዓመት ያህል ፈጀበት ማለት ነው።

ይህ ታሪክ በባቲ አግዳሚ ላይ ቢነገር የሚያስቅ ይሆናል። ለባለጠጋ መዝናኛ የምትሠራ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ኩንታል የማትጭን መኪና! ሆኖም የሁለቱ ወገን ሥጋት ከሚታሰበው በላይ ይመሳሰላል። በ2023 ኮርቬት የፊት ጎማዎቿን በኤሌክትሪክ የምታዞር ሆና ስትመጣ፣ በ2025 ደግሞ ኩባንያው በእንግሊዝ ካለው የንድፍ ክፍሉ የወጣ የወደፊት ንድፍ ሲያሳይ፣ ወዳጆቿ ከፍጥነቷ ይልቅ ስለ ድምፅዋ ተጨነቁ። ድምፁ ከጠፋ መኪናዋ ያችው ናት ወይ? የባቲው ሽማግሌም «ከኤንትሬ ወዲያ ላሳር» ሲል ይህንኑ እየጠየቀ ነው።

በኤንትሬና በሚመጣው መካከል ያለፉት ብዙ ሊባልላቸው አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1970 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አምቼ የፊያትን፣ ቆይቶም የኢቬኮን ካሚዮኖች እየገጣጠመ አወጣ። ሕዝቡ ከችኮላው የተነሣ የሽብር ስም ያወጣለት አይሱዙ መጣ። ከዚያ ሲኖትራክ መንገዱን ሞላው። እነዚህ ከኤንትሬ የፈጠኑ፣ ጋቢናቸው የቀዘቀዘ፣ ጉልበታቸው የበረታ ናቸው፤ ባቲንም በአንድ ትንፋሽ ያልፋሉ። ሾፌሩ ክላክሱን ነፍቶ ግመሉን ከመንገድ ያስወጣል እንጂ አይወርድም። ለከተማዪቱ የሚተውላት አቧራ ነው። መኪና ሲሻሻል ከተማ እንደሚራብ ያሳየው ይህ ትውልድ ነው፤ በአግዳሚውም ላይ የሚወደው የለም።

አሁን ግን ሌላ ነገር መጥቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ናፍታና ቤንዚን በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ፣ ኤሌክትሪክ ግን ከአገሪቱ ወንዞች ይመነጫል። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዐባይ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። የቤት መኪናው ነገር በዚህ ተጀመረ። ከባዱ ጭነት መኪና በዓለም ዙሪያ የመጨረሻውና አስቸጋሪው ነው፤ ቴስላ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳየውን የኤሌክትሪክ ካሚዮን ለመጀመሪያ ደንበኛው ያስረከበው በ2022 መጨረሻ ነው። ቢሆንም አቅጣጫው ታውቋል። ከኤንትሬ ወዲያ የሚመጣው ናፍታ የማይጠጣ ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚማር የልጅ ልጅ አለው። ክርክሩ በቤት ውስጥ የሚቀጥለውም በዚህ ምክንያት ነው።

«አባባ፣ ፍሪሲዮን እኮ የለውም» ይላል ልጁ።

«ካምቢዮስ?»

«እርስዎ እንደሚያውቁት ዓይነት ካምቢዮም የለውም።»

«ታዲያ ሾፌሩ ምን ሊሠራ ይቀመጣል?»

«መሪ ይይዛል።»

«መሪማ ማንም ይይዛል፤ እኔን ያደከመኝ መሪው መሰለህ?» ይላሉ ሽማግሌው። ግን ይሰማሉ። አርባ ዓመት መኪና የነዳ ሰው ስለ መኪና ሲወራ ጆሮውን መዝጋት አይችልም።

ልጁ ወረቀት አውጥቶ ሒሳቡን ይሠራል። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና ከሚሌ እስከ ኮምቦልቻ 1,300 ሜትር ያህል ሽቅብ ሲወጣ ለከፍታው ብቻ 140 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይፈልጋል፤ የጎማው መፈተግና የነፋሱ መግፋት ከዚያ በላይ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ይህ ለባለ ተራራ አገር ትልቅ ጸጋ ነው። ዳሩ ግን፣ ይላሉ ሽማግሌው እርሳሱን ተቀብለው፣ በዚህ መንገድ ጭነት የሚወጣው ሽቅብ ነው፤ ቁልቁል የሚወርደው አብዛኛው ባዶ ነው። ወደቡ ታች ነው፣ ገዢው ላይ። ባዶ መኪና ሲወርድ የሚመልሰው ጥቂት ነው። ይህን ነገር የመኪናው ሠሪ በፋብሪካው ሆኖ አያውቀውም፤ መንገዱን የነዳ ያውቀዋል።

ልጁ ዝም ይላል። የአያቱ ነጥብ ትክክል ነው። አገሪቱ ከምትልከው የምታስገባው ብዙ እጥፍ እስከሆነ ድረስ ተራራው በከፈለችው ልክ አይመልስላትም። የኤሌክትሪክ ካሚዮን ለኢትዮጵያ ተስማሚ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የባትሪው ጥራት ብቻ ሳይሆን የንግዷ ሚዛን ጭምር ነው።

ነገሩ ወደ ባቲ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። 500 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ3 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ያን ያህል ሸክም ከጭነቱ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ባትሪውን እያሳነሱ በመንገድ ላይ መሙላት ይመረጣል። ከበረሃው የመጣ መኪና ባቲ ሲደርስ ከሚሌ ወደ ኮምቦልቻ ካለው ዳገት አብዛኛውን ጨርሷል፤ ባትሪው ደክሟል፤ ሙቀቱም የሚበርድበት ቦታ ደርሷል። በ250 ኪሎዋት መሙያ ያን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ሰዓት ማለት ምሳ ነው፤ ሶላት ነው፤ ጎማ ማየት ነው፤ ሻይ ነው። ሲኖትራክ የወሰደውን እንጀራ ይኸኛው ሊመልሰው ይችላል ማለት ነው፤ ምክንያቱም እንደ ኤንትሬ ይደክመዋል። በመልኩ ማንንም ባይመስል በጠባዩ የአያቱ ልጅ ነው። ይህን ነጥብ ያነሣው ልጁ ነበር፤ ሽማግሌው ረዥም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «አብሽር፣ እንዲህ ከሆነ ይምጣ» አሉ።

ግን ይምጣ ማለት ብቻ አያመጣውም። አሥር ካሚዮኖች ባንድ ጊዜ እንዲሞሉ 2,500 ኪሎዋት ያስፈልጋል፤ ለአምፖልና ለወፍጮ ከተዘረጋ ሽቦ ይህን መጠበቅ አይቻልም። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ደረቅ ወደብ አላት፤ የሚሌ በረሃም ሁለቱን መንገድ የሚያገናኝ ነው። መሙያውን የሚተክል ሰው ካርታ አይቶ ወይ እዚያ ወይ እዚያ ቢተክለው ባቲ በመካከል የምትታለፍ ትሆናለች። ዳንቶቭ ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኑ ግን በሕይወት ሳለ አልጠቀመውም። የባቲም ጥያቄ ይኸው ነው። ሐሳቡ ተገቢ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ትራንስፎርመሩ የት እንደሚቆም በሚወሰንበት ክፍል ውስጥ መገኘት ሌላ ነገር ነው። በአግዳሚው ላይ የሚነገረው ወደዚያ ክፍል የሚደርስበት መንገድ ገና አልተጠረገም።

የሚቀረው የድምፅ ነገር ነው፤ ይህን ደግሞ የጥበብ ሰዎች ቢሰሙት መልካም ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ቀስ ብሎ ሲሄድ አይሰማም። በአውሮፓ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ የሚወጡ አዳዲስ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሞዴሎች በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ እግረኛ የሚሰማው ድምፅ እንዲያሰሙ በሕግ ተገድደዋል። ቢ ኤም ደብሊው የተባለው የጀርመን ኩባንያ ለኤሌክትሪክ መኪኖቹ ድምፅ ያሠራው የሲኒማ ሙዚቃ ደራሲውን ሐንስ ዚመርን ነው። በሰኞ ገበያ፣ ግመልና ሕፃን፣ በግና አህያ መንገዱን በሞሉበት ቀን፣ 40 ቶን የሚመዝን ነገር በዝምታ ቢመጣ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። መኪናው ድምፅ ይፈልጋል። ማን ይስጠው?

ባቲ ለድምፅ ባዕድ አይደለችም፤ ከአራቱ የኢትዮጵያ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚቆጠረው አንዱ በስሟ ይጠራል። ያ ቅኝት ከመሰንቆና ከክራር ወጥቶ ወደ ሳክስፎንና ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲሻገር «ይህ ባቲ አይደለም» ያሉ እንደነበሩ መገመት ይቻላል። አምስቱ ድምፆች ግን በአዲሱ መሣሪያ ላይም አምስቱ ናቸው፤ ሰሚው ወዲያው ያውቃቸዋል። ከከተማዪቱ ወጣቶች አንዳንዶቹ የሚመጣው ካሚዮን ማስጠንቀቂያ በባቲ ቅኝት ይሁን ይላሉ። ሐሳቡ ያምራል፤ ምናልባትም ከመጠን በላይ ያምራል። ግመል ቅኝት አይለይም፤ የሚያውቀው ሞተር ነው፤ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያዳምጠው ማስጠንቀቂያም ማስጠንቀቂያ አይሆንም።

የሽማግሌው የልጅ ልጅ ሌላ መንገድ ሞከረ። በአካባቢው አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልስ አንድ አሮጌ ኤንትሬ አለ፤ ስፖንዳው በሽቦ የታሰረ፣ ቀለሙ ከፀሐይ የተነሣ የማይታወቅ። ልጁ ከዳገቱ ግርጌ ቆሞ መኪናው ሲወጣ ድምፁን በስልኩ ቀዳ። ማታ ቤት ገብቶ፣ ምን እንደሆነ ሳይናገር፣ ስልኩን ከአያቱ ጎን አስቀምጦ ከፈተው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነው» አሉ ቆይተው። «ጭነቱ በዝቶበታል። ረዳቱ ይውረድና ታኮ ይያዝ።»